ቀይዋን ነካ አድርጓት

ዐረብ አገር፣ ሳብያ በምትባል ከተማ ገበያ ውስጥ፣ ከመኖ ተራው ትንሽ ወረድ ብላ ባለች የስልክ ሱቅ እሠራለሁ። የተሰበረ ስክሪን እቀይራለሁ፣ ቻርጀርና መሸፈኛ እሸጣለሁ፣ ሰው የረሳውን ኮድ እከፍታለሁ። ሱቋ የከፊሌ ናት። ከፊል እዚህ አገር አሠሪም፣ የመኖሪያ ወረቀት ዋስም ነው። የእኔው ከፊል ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ሲሆን፣ ሰው ሲሳሳት እስኪያርም ድረስ ዝም ብሎ የማየት ልማዱ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሱቋ በአገሬ ሰዎች ትሞላለች። ከእርሻው፣ ከከብቱ፣ ከግንባታው የሚመጡ ናቸው፤ የወሎ ሰው ይበዛል። ብዙዎቹ የሚይዙት ባለቁልፍ ትንሽ ስልክ ነው። ደህና ስልክ ያለውም ካሜራውን አቧራ በልቶበታል። ስለዚህ «እስቲ ቅረጸኝና ለቤተሰቦቼ ላክልኝ» ይሉኛል። በራሴ ስልክ ቀርጬ እልክላቸው ነበር።

አንድ ቀን ከቲማቲም እርሻ የመጣ ጎልማሳ ለሚስቱ ሊናገር ፊቴ ቆመ። ስልኩን ደቀንኩበት። ሰላምታውን አቀረበ፣ ስለ ጤናው ተናገረ፣ ከዚያ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ወደ እኔ ቀና አለና ዘጋው። «በቃ፣ ሌላውን ራሷ ታውቀዋለች» ብሎ ጨረሰ። ቪዲዮውን ልኬለት ሲወጣ ጀርባውን እያየሁ ቆየሁ። ያን ነገር ያላለው እኔ እዚያ ስለቆምኩ ነበር። ለሚስቱ ሊነግራት የፈለገውን፣ ስልክ የያዘ ባዕድ ሰው ፊት እንዴት ይንገራት?

ሱቋ ድሮ ፎቶ ቤት ነበረች። ከኋላዋ ለጉርድ ፎቶ የተሠራች፣ መጋረጃ ያላት ጠባብ ክፍል ነበረች፤ ባዶ ካርቶን እንጥልባት ነበር። ከፊሌን ጠየቅኩት። ክፍሏን አጽድቼ፣ ጥጉ የተሰነጠቀውን አሮጌ ታብሌት ግድግዳው ላይ ሰቅዬ፣ ሰው ብቻውን ገብቶ ራሱን ቀርጾ የሚልክበት ነገር ልሥራ አልኩት። ጢሙን እያሻሸ ሰማኝ። ለሠርግና ለዒድ ምኞት የሚቀርጹ የእሱ አገር ሰዎችም ይጠቀሙበት እንደሆን ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። «ያላ» አለኝ፤ ፈቃዱ ያቺው አንድ ቃል ነበረች።

ኮምቦልቻ ሁለት ዓመት ኮምፒዩተር ተምሬያለሁ። ተምሬ ስጨርስ ሥራው አልተገኘም፣ መንገዱ ወደዚህ አመጣኝ፤ ትምህርቱ ግን እጄ ላይ ቀርቶ ነበር። እዚህ ከቀትሩ የዝሁር ሶላት እስከ ተሲያቱ የዐስር ሶላት ሙቀቱ ሰውን ከመንገድ ያጠፋዋል፣ ሱቆችም ይዘጋሉ። በእነዚያ ሰዓታት በሩን ቆልፌ፣ ኤሲውን ከፍቼ፣ ኮምፒዩተር ላይ አቀረቅራለሁ። ከስንት ዓመት በኋላ የተማርኩትን ስሠራበት ደስታው ልዩ ነበር። ምሳዬን እስክረሳ ድረስ እሠራለሁ።

ሠርቼ ስጨርስ ስክሪኑ ላይ ስድስት ቁልፎች ነበሩ። መቅረጫ፣ ማቆሚያ፣ መልሶ ማያ፣ ማጥፊያ፣ መላኪያ፣ ቋንቋ መምረጫ። ከሥራቸው በአማርኛና በዐረብኛ ማብራሪያ ጻፍኩ። ቀለማቸውን አሳመርኩ። ከፊሌን ጠርቼ ስክሪኑ ፊት አቆምኩት። መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበው።

«ፈተና ነው እንዴ?» አለኝ። «ስንት ሰዓት ነው የሚፈቀደው?»

ሳቅኩ እንጂ አልሰማሁትም። ለሰዎቼ የሠራሁትን ሰዎቼ ያውቁታል ብዬ ነበር።

በመጀመሪያው ዓርብ ከገቡት መካከል ዳማድ በምትባል ቦታ አጠገብ፣ ወዲ በሚሉት ደረቅ ሸለቆ ውስጥ ግመል የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የባቲ አካባቢ ሰው ናቸው። አሠሪያቸውን «ዐሚ»፣ አጎቴ እንደማለት፣ ይሉታል፤ መኖ ሊጭን ወደ ሳብያ ሲመጣ በፒካፑ ያመጣቸዋል፣ ጭኖ ሲጨርስ ጥሩምባ ይነፋላቸዋል። ቤታቸውን ትተው ከወጡ ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ትተዋት የወጡት ትንሿ ልጃቸው ከሦስት ሳምንት በኋላ ልታገባ ነበር። ሊመርቋት ፈለጉ። በድምፅ ብቻ በስልክ ሊመርቋት ይችሉ ነበር፤ ልጅቱ ግን የአባቷን ፊት አታስታውስም።

መጋረጃው ጋ ደርሰው ቆሙ።

«ይሄ ነገር ፊቴን ለማን ነው የሚያስቀምጠው?» ብለው ጠየቁኝ።

ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀት ማለት ነው፣ የላቸውም፤ ኢቃማ የሌለው ሰው ካሜራ ይፈራል። ምንም እንደማይቀመጥ፣ ከተላከ በኋላ እዚህ እንደሚጠፋ፣ ራሳቸውም ሊያጠፉት እንደሚችሉ ነገርኳቸው። ለዚሁ ብዬ ማጥፊያዋን ትልቅና ግልጽ አድርጌ ነበር የሠራኋት፤ ሥዕሏም በየስልኩ ላይ ያለችው የቆሻሻ መጣያ ናት። ትንሽ አሰቡና ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። መቅረጫዋን አሳይቼ መጋረጃውን ዘጋሁላቸው።

ድምፃቸው ከመጋረጃው ኋላ ዝግ ብሎ ይሰማ ነበር። ሳልፈልግ እንዳልሰማ ብዬ ከሱቁ በር ላይ ቆምኩ። ሲወጡ ፊታቸው በርቶ ነበር። እንዳሉት ከሆነ በልባቸው የነበረውን ሁሉ ተናግረዋል፤ በደንብም አስቀምጠውታል።

ገብቼ ባይ አንድም የለም።

ምኑን እንደነኩ ጠየቅኳቸው። የቆሻሻ መጣያዋን አሳዩኝ።  ያቺ ማጥፊያ ናት፣ ጠፍቷል አልኳቸው። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ሥዕሏን እንደገና አዩ።

«ይሄ የወተት ባልዲ አይደለም?» አሉ። «እኔ ጠዋትና ማታ እሱ ውስጥ ነው የማጠራቅመው። ባልዲ ይደፋል ብሎ ማን ያስባል?»

 ክዳን ያለው ሰፊ ባልዲ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ሆኖ ታይቶኝ አያውቅም። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከውጭ ጥሩምባው ተነፋ። ጫማቸውን እያጠለቁ መሳቅ ጀመሩ፤ መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ኋላ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። ምርቃት ቢደፋ መሬት ያበቅለዋል እንጂ አይበሰብስም አሉኝ። የሚቀጥለው ዓርብ እንደሚመለሱ ነገሩኝና ሄዱ። 

ቅዳሜ ሁሉንም ላፈርሰው ቆረጥኩ። ኮምፒዩተሩን ግን ገና አልነካሁም። የስልክ ማሸጊያ ካርቶን ቆራርጬ በእያንዳንዱ ላይ በማርከር ሥዕል ሣልኩ። ሱቅ ለገባ ሁሉ፣ ቻርጀሩን ከመስጠቴ በፊት፣ አንዱን ካርቶን አነሣና «ይሄ ምን ይመስልሃል?» እላለሁ። በስልኮች ላይ ለመላኪያ የሚሣለውን የወረቀት አውሮፕላን አንዱ የምላጭ ስባሪ ነው አለኝ፣ ሌላው የተገለበጠ ድንኳን። ቤት ስሥል ጣሪያው ጠፍጣፋ ስለነበረ እስር ቤት ነው ያለኝም ነበር። ጎጆ አድርጌ፣ ደጁ ላይ ዛፍ ስጨምርበት ግን ሁሉም በአንድ አፍ «አገር ቤት» አሉ። ከዚያ ወዲያ መላኪያዋ ጎጆ ሆነች። ማጥፊያዋ መጥረጊያ ሆነች። ባልዲ ነው ያለኝ አልነበረም።

ቀጥሎ ስድስቱን በታተንኳቸው። መጀመሪያ ሲገቡ አንዲት ቀይ ክብ ብቻ፤ ሌላ ምንም የለም። ሲነኳት ትቀርጻለች፣ እንደገና ሲነኳት ታቆማለች። ሲያቆሙ የተቀረጸው ራሱ ተነሥቶ ያሳያቸዋል። ያኔ ብቻ ጎጆና መጥረጊያ ይመጣሉ፤ ጎጆዋ ትልቅ፣ መጥረጊያዋ ትንሽና በጥግ። ማን ዘንድ እንደሚላክ ቁጥሩን እኔ ከመግባታቸው በፊት እሞላለሁ። ፊደል አንድም አልቀረም። ለሁለት ዓመት የተማርኩትን ሁሉ ለመጨመር ደክሜ ነበር፤ ሥራው መቀነስ ኖሯል።

ፊደሉ ስለጠፋ ድምፅ ያስፈልግ ነበር። በራሴ ድምፅ «እባክዎ ለመጀመር ቀዩን ምልክት ይጫኑ» ብዬ ቀዳሁ። መጀመሪያ የሰማው ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ ወጣ። ልክ ጀዋዛት ውስጥ ስም ሲጠራ ይመስላል አለኝ። ጀዋዛት ወረቀት የሌለውን የሚይዘው መሥሪያ ቤት ነው፤ ከዚህ የባሰ ስድብ ለኔ አልነበረም።

በዚያው ሳምንት የከፊሌ ሚስት ስልኳን ልታሠራ መጣች፤ ቤታቸው የምትሠራው የደሴ ሴት አብራት ነበረች። ስልኩን እስክጨርስ የቀዳሁትን የጻፍኩበትን ወረቀት ለደሴዋ ሴት አሳየኋትና እንድታነብልኝ ለመንኳት። አነበበችው። ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«እንዲህ የሚናገር ሰው አለ?» አለች።

እንደ ሰው እንድናገርልህ ከፈለግክ መቅጃውን ክፈተው አለችኝ። ከፈትኩት። እንግዳ እንደምትቀበል ሆና፣ አንድ ጊዜ፣ ሳትደግም ተናገረች፦ «እንኳን ደህና መጣችሁ። አረፍ በሉ። ልባችሁ ሲደላደል ቀይዋን ነካ አድርጓት፤ ስትጨርሱም እንደገና ነካ አድርጓት። ማንም አያያችሁም፤ የናንተው ሰዎች ብቻ ናቸው።» ይህንን ብላ ስልኩ አልቆ እንደሆን ጠየቀችኝ። ከዚያ በኋላ የሚገቡት ሁሉ መልስ ይሰጧታል፤ ከመጋረጃው ኋላ «እሺ እቴ፣ አላህ ይስጥሽ» ሲሉ እሰማለሁ። ቤተሰቧን ጠይቅልን ያሉኝም አሉ።

ሁለተኛው ዓርብ ደረሰ። ሽማግሌው ሲመጡ መጀመሪያ ያየሁት አበባውን ነው። እዚህ ገበያ ሴቶች በክር ሰክተው የሚሸጡት ነጭ፣ ጠረኑ ከሩቅ የሚጣራ አበባ አለ። ስሙ ፉል ነው፤ አዲስ የመጣን ጊዜ ሁላችንም የሚበላው መስሎን እንሳሳታለን። የአገሩ ወንዶች ሲደሰቱ እንደ አክሊል ራሳቸው ላይ ይደፉታል። ሽማግሌውም ገዝተው፣ በጥምጥማቸው ላይ ደፍተው፣ የታጠበ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው መጡ። ለሠርግ ያጌጡ ነበሩ።

ገቡ፣ ሴትዮዋን መረቋት፣ ቀይዋን ነኩ። ብዙም ሳይቆዩ ጠሩኝ። ተቋርጧል አሉ። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ የታብሌቱ ቦታ እንዳይሞላ ብዬ አንድ ደቂቃ ብቻ ፈቅጄ ነበር። በአንድ ደቂቃ ከሰላምታው አልወጡም። የእህታቸውን ጤና፣ የዝናቡን ነገር፣ የጎረቤቱን ጥማድ በሬ ጠይቀው ወደ ወንድማቸው ልጆች ሲሻገሩ ነው ማሽኑ የዘጋባቸው።

«ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ቸኩሏል» አሉኝ ታብሌቱን እያሳዩ።

ኮምፒዩተሩን አምጥቼ እዚያው ገደቡን አነሣሁት። ቦታ ከሞላ ሌላ መላ እፈልጋለሁ፤ የወሎን ሰው ሰላምታ አሳጥር ማለት ግን አይቻልም።

እንደገና ቀረጹና ራሱ ተነሥቶ ሲያሳያቸው አብረን አየነው። ድምፃቸው ያማረ ነበር። ዓይናቸው ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወደ ታች ነው። ካሜራው ከላይ፣ ፊታቸው የሚታይበት ስክሪን ከታች ስለነበረ ራሳቸውን ሲያዩ ነበር የቆዩት። ግመል ጠባቂ መስታወት የለውም። ሽበታቸውን በእጃቸው እየዳሰሱ፣ አባቴን መስያለሁ አሉ፤ አዝነው አልነበረም፣ እንደተገረመ ሰው ነው። ቆየት ብለው ግን ሌላውን አስተዋሉ።

«እሷን ልመርቅ መጥቼ መሬት መሬት አያለሁ እንዴ?»

ከወገባቸው ቀበቶ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ፎቶ አወጡ። ልጅቱ ናት፤ ሰው በእጅ ያመጣላቸው፣ ጠርዙ የተላጠ ፎቶ። ካሜራው ሥር ሊይዙት ሞከሩ፣ እጃቸው ስክሪኑን ጋረደው። ከውጭ ካለው ገመድ የልብስ መቆንጠጫ ነቅዬ አመጣሁና ከካሜራው ጎን በማጣበቂያ አጣበቅኩት። ፎቶውን ሰካንበት። ሲቀርጹ የራሳቸው ፊት እንዳይታያቸውም ስክሪኑን አጠቆርኩት፤ ከቀይዋ ክብ በቀር የሚታይ አልነበረም። ዓይናቸው ሌላ የሚያርፍበት አጣና ልጃቸው ላይ አረፈ።

መጋረጃውን ዘግቼ ወጣሁ። የዚያን ሰዓት ሱቁ ውስጥ ተራ የሚጠብቁ ሰባት ስምንት ሰዎች ነበሩ፤ ከፊሌም ባንኮኒው ጋ ተቀምጧል። ሽማግሌው ሰላምታቸውን እንደ ልባቸው ጨረሱ።  

«አንተ ልጅ» ሲሉ ተጣሩ። «ግባና አሚን በል። አሚን የሌለው ዱዓ ይሆናል?»

ያን ክፍል የሠራሁት ማንም ሰው እንዳይቆምባቸው ብዬ ነው። አሁን ሊመርቁ አሚን የሚል አጡ። መጋረጃውን ከፈትኩ። እጃቸውን ዘርግተው ፎቶውን እያዩ ነበር።

«ልጄ፣ ትቼሽ ስወጣ ከጉልበቴ አትበልጪም ነበር» አሉ። «አላህ የያዝሽውን ይባርክልሽ።»

አሚን አልኩ። ከኋላዬም አሚን ተባለ። ዞር ስል ተራ የሚጠብቁት ሁሉ እጃቸውን ዘርግተዋል።

«የረገጥሽው ይለምልም። ደጅሽ እንደ ባቲ ገበያ ሰው አይጣ። ባልሽ ቀድሞ የሚስቅ፣ ዘግይቶ የሚቆጣ ይሁን። ውለጂ፣ ክበጂ። እኔንም ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።»

በየመሀሉ አሚኑ እየጨመረ ሄደ። የቲማቲም እርሻው፣ የግንባታው፣ የፍየሉ ሰው፣ ሁሉም። ከፊሌ አንድ ቃል አማርኛ አያውቅም፤ አሚንን ግን ያውቃል። ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ሁለት መዳፉን ገልጦ፣ ከሁላችንም ጮክ ብሎ አሚን ይል ነበር። ሽማግሌው ፊታቸውን አበሱና ቀይዋን ነኩ። ጎጆዋ ስትመጣ ማንንም ሳይጠይቁ በአውራ ጣታቸው ጫኗት።

መልሱ የመጣው ከሠርጉ በኋላ በሱቁ ስልክ ነው። እስከ ዓርብ አልከፈትኩትም፤ የሳቸው ነውና። ሲመጡ ክፍሏ ውስጥ አስቀምጬ ከፈትኩላቸው። ልውጣ ስል እጄን ያዙኝ። ቪዲዮ ነው፤ የተቀረጸው የሠርጉ ዳስ ውስጥ ነው፤ ስልኩን ከድምፅ ማጉያ ጋር አያይዘውታል። የሽማግሌው ድምፅ ከማጉያው ይወጣል፣ የኛ አሚን ከሳብያ ይሰማል፣ ዳሱ ውስጥ ያለው ሕዝብ ደግሞ በላዩ አሚን ይላል። የማናውቃቸው አዛውንት ሴቶች ለኛ አሚን ሲያለቅሱ አየን። መጨረሻ ላይ ሙሽራዋ ስልኩን ተቀብላ ወደ ራሷ አዞረችው። ዓይኗ ቀልቷል፣ ጥርሷ ግን ይስቃል።

«አባባ፣ አበባ ደፍተው አየሁዎ» አለች። «ሙሽራዋ እኔ ነኝ ወይስ አንቱ?»

ሽማግሌው በዚያ ወንበር ላይ እንደሳቁት ሰው ሲስቅ አይቼ አላውቅም። ዐሚው ጥሩምባውን ነፋ፣ አልሰሙትም። ደግሞ ነፋ። ቢቸግረው ከፒካፑ ወርዶ ሊጠራቸው ገባ፤ እሱንም ጎትተው አስቀመጡትና ከመጀመሪያው አስጀመሩኝ። ሲወጡ ዐሚው የማያውቀውን ቋንቋ ሰምቶ፣ የማያውቃትን ሙሽራ እንኳን ደስ ያለሽ ይላት ነበር።

ከዚያ በኋላ ክፍሏ ዓርብ ብቻ መሆኗ ቀረ። መቆንጠጫው ላይ ሰው የፈለገውን ይሰካል፤ አብዛኛው ፎቶ፣ አንዳንዱ ደብዳቤ፣ አንዱ የልጁን ፀጉር ማሰሪያ ሪባን።

አንድ ቀትር ላይ ሱቁን ልዘጋ ስል ከፊሌ ገና ሥራ አለኝ አለና ወደ ክፍሏ ገባ። መጋረጃውን ዘጋ። የደሴዋ ሴት በአማርኛ አረፍ በሉ ስትለው ሰማሁ። ለእሱ ብዬ በዐረብኛ አልቀዳሁም ነበር፤ ገብቼ ልረዳው ተነሣሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ቀይዋን ራሱ አገኛት። ረጅም ሰዓት ተናገረ። ሲወጣ ፋራሳን ደሴት ላይ ዓሣ የሚያሰግር ወንድም እንዳለው፣ በማይረባ ነገር ተኳርፈው እንደቆዩ ነገረኝ፤ ቁጥሩን ሰጠኝና ላክኩለት። ከዚያ ሴትዮዋ ምን እንዳለችው ጠየቀኝ። ተረጎምኩለት።

«ኸላስ፣ በቃ፣ እንደዚያ ነው የመሰለኝ» አለ።

ወንድሙ ቪዲዮ አልመለሰም። በሦስተኛው ቀን በመርከብ ተሻግሮ፣ በረዶ የሞላ ሣጥን ዓሣ ተሸክሞ የሱቁን በር በእግሩ ገፍቶ ገባ። ሁለቱ ወንድማማቾች ሣጥኑን መሀላቸው እንዳደረጉ ሊተቃቀፉ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም፤ ሮጬ ሣጥኑን ተቀበልኩ። ዓሣው ከባድና ቀዝቃዛ ነበር፣ ውኃው ሸሚዜ ላይ ይንጠባጠባል። የቱ ጋ ላስቀምጠው ብላቸው የሚሰማኝ አልነበረም።